ከረጢት ላም አያቀዘቅዝም፦ በሙቀት ወራት ለከብት ስለሚሰጡ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች

(በአርቢዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ እንዳለ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ አርቢዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ደህና ናችሁ?

ከምሳ በኋላ መናገር ከባድ ነው። ሰው በልቶ ጥላ ሥር ሲቀመጥ እንቅልፍ ይጫጫነዋል። አልፈርድባችሁም። ላምም ጠግባ ጥላ ሥር ተጋድማ ስታመሰኳ ነው ጥሩ ወተት የምትሰጠው። የዛሬው ወሬያችን ጥላውንም ማመስኳቱንም ስላጣች ላም ነው።

ወደ አዳራሹ ስገባ አንድ ወንድሜ በር ላይ እጄን ያዘና «ዶክተር፣ ሌላውን ይተዉትና የትኛውን እንግዛ? እሱን ብቻ ይንገሩን» አለኝ። ሳቅኩ። ግን የልቡን ነው የጠየቀኝ። ገበያው ላይ «ለሙቀት» የሚል የተጻፈበት ዕቃ ሞልቷል፤ እርሾ አለ፣ ቪታሚን አለ፣ ማዕድን አለ፣ ስሙን ለማንበብ ምላስ የሚያስር ነገርም አለ። ስለዚህ መልሴን ላስቀድምና ከዚያ ላብራራ። ላም የሚያቀዘቅዝ ከረጢት የለም። የለም! ላምን የሚያቀዘቅዛት ውኃ ነው፣ ጥላ ነው፣ ነፋስ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር ሥራው ሌላ ነው፤ ላሟ ራሷን ለማቀዝቀዝ ስትል ከሰውነቷ ያወጣችውን ይተካል፣ የተናጋ ሆዷን ያረጋጋል። ይህን የለየ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያወጣ ያውቃል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሙቀት ላሟ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ከተጨማሪዎቹ የትኛው ምን ይሠራል? ሦስተኛ፣ ለማን አይሰጥም? ሦስተኛው አጭር ነው፤ ነገር ግን ከብት የሚገድለው እሱን አለማወቅ ነውና እዚያ ላይ እንዳትተኙብኝ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። ላም በሆዷ ምድጃ ይዛ የምትዞር እንስሳ ናት። በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ሣሩንና ጭዱን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሌት ተቀን ሙቀት ያወጣሉ። ወተት መሥራቱም ራሱ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ብዙ የምትታለበው ላም ከሁሉ በፊት ትሞቃለች። እኛ «ዛሬ አየሩ እንዴት ደስ ይላል» በምንልበት ቀን እሷ ትጨነቃለች።

ባለሙያዎች የአየሩን ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ አስልተው የሚያወጡት መለኪያ አለ። ድሮ ይህ ቁጥር 72 ሲደርስ ነው ላም የምትጨነቀው ይባል ነበር። በኋላ ብዙ ወተት በሚሰጡ ላሞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ከ68 ጀምሮ ወተት መቀነስ እንደሚጀምር አሳዩ። 68 ምን ማለት ነው? 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ማለት ነው። 22 ዲግሪ! ሰው ሹራብ የሚደርብበት አየር ነው። እርጥበቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ያው 30 ዲግሪ ሙቀት፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ሲሆን ቁጥሩ 74 ገደማ ነው፤ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን 83 ይደርሳል። ለምን? አየሩ ራሱ ውኃ ከጠገበ ከላሟ ቆዳም ከትንፋሿም የሚወጣውን እርጥበት አይቀበልማ!

መለኪያ መሣሪያ የለንም የምትሉ አትጨነቁ፤ ዓይን አላችሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ሂዱና ላሟን ሳታስደነግጡ ከጎኗ ቁሙ። ከመጨረሻው ጎድኗ ኋላ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ እዩ፤ በተነፈሰች ቁጥር ገባ ወጣ ትላለች። ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። በደህናው ጊዜ ከ50 አይበልጥም። ከ60 ካለፈ ሙቀቱ ጀምሯታል። ከ80 በላይ ከሄደ፣ ይባስ ብሎም አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ለሃጯን ካዝረበረበች፣ ነገሩ ከብዷል። አንድ ላም አይታችሁ አትመለሱ፤ ስምንት አሥሩን እዩ።

አሁን ያችን ለሃጭ ልብ በሉልኝ። አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ከእሷ ነው። ላም ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ታወጣለች። ያን ጊዜ ደሟ ሚዛኑን ይስታል፤ አሲዱ ያንሳል። ኩላሊት ደግሞ ሚዛኑን ለመመለስ ብሎ ባይካርቦኔትን በሽንት ያስወጣል። ባይካርቦኔት ምን ነበር የሚሠራላት? በምራቋ ወደ ጨጓራዋ እየወረደ እዚያ የሚፈጠረውን አሲድ የሚያበርደው እሱ ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ግማሹ በሽንት ሄደ፣ ግማሹ በለሃጭ መሬት ላይ ፈሰሰ። በዚያ ላይ በሙቀት ጊዜ ላም ድርቆሹን ትታ ፍሬውንና ዱቄቱን ትመርጣለች። ድርቆሽ ካልበላች አታመሰኳም፤ ካላመሰኳች ምራቅ አይመነጭም። ደሟ አሲድ አንሶት ጨጓራዋ በአሲድ ይቃጠላል። አንዱ እንስሳ ውስጥ፣ በአንድ ቀን!

አንድ እርሻ ላይ «የወተቱ ቅባት ወረደብን፣ ውኃ ጨመራችሁበት እየተባልን ነው» ብለው ጠሩኝ። ሰዎቹ ተበሳጭተዋል፤ ስማቸው ጠፍቷል። ወተቱን ከማየቴ በፊት ወደ በረቱ ገባሁ። እበቱ ቀጠን ብሎ አረፋ ይዟል፤ በጫማዬ ጫፍ ገለጥ ሳደርገው ያልተፈጨ እህል በውስጡ ይታያል። የመኖ ገንዳው ውስጥ ዱቄቱ ተጠርጎ አልቆ ረጃጅሙ ድርቆሽ ብቻ ቀርቷል። ከተኙት ላሞች ውስጥ የምታመሰኳ ለማግኘት ዓይኔን ማንከራተት ነበረብኝ። ውኃ የጨመረ ሰው አልነበረም። ሙቀቱ ነው ቅባቱን ያወረደው። እንዲህ ያለ ጨጓራ ዳፋው ቆይቶ በኮቴም ይወጣል፤ ሙቀቱ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ላሞች ማነከስ ሲጀምሩ ሰው ወለሉን ይወቅሳል።

ሌላም አለ። «ወተት የቀነሰው መኖ ስላልበላች ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? በቀዝቃዛ ቦታ ያሉ ላሞችን፣ በሙቀት ያሉት የበሉትን ያህል ብቻ አበሏቸው። የቀዝቃዞቹም ወተት ቀነሰ፤ ግን በሙቀት ውስጥ ያሉትን ያህል አልወረደም። የመኖው ማነስ የወተቱን ጉድለት ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው ያስረዳው። የቀረውስ? ላሟ ሙቀቱን በቆዳዋ ለማስወጣት ደሟን ወደ ቆዳዋ ትልካለች፤ አንጀቷ ደም ያንሰዋል። የአንጀቷ ግድግዳ ይሳሳል፤ ከባክቴሪያ የሚወጣው መርዝ ወደ ደሟ ይሾልካል። የሰውነቷ መከላከያ ይነሣል፤ መከላከያው ደግሞ የሚመገበው ግሉኮስ ነው። ወተት የሚሠራበትን ያንኑ ግሉኮስ! መከላከያዋ የተነሣ ላም በ12 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ግሉኮስ ልታጠፋ እንደምትችል ተለክቷል። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ ወተት ሲወርድባችሁ ላሟን «ሰነፈች» አትበሏት። እየተዋጋች ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ ወንድሜ በሩ ላይ የጠየቀኝ ይህንን ነው።

ከተጨማሪዎች ሁሉ እኔ ከፊት የማስቀምጠው ማዕድናትን ነው። በተለይ ፖታሲየምን። ለምን? ሰው ሲያልበው የሚያጣው በዋናነት ሶዲየም ነው፤ ላም ሲያልባት የምታጣው ግን በዋናነት ፖታሲየም ነው። ወተቷም ውስጥ ፖታሲየም በብዛት አለ። ስለዚህ ጨው ብቻ አስልሶ «ማዕድን ሰጥቻታለሁ» ማለት አይበቃም። ጨው ጥሩ ነው፤ ግን ፖታሲየም የለበትም።

ስንት ይሁን? በደህናው ጊዜ ከደረቅ መኖዋ 1 በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ፖታሲየም ይበቃታል። በሙቀት ጊዜ ወደ 1.5 በመቶ ከፍ ይበል። ሶዲየም ከ0.4 እስከ 0.6 በመቶ፣ ማግኒዥየም ወደ 0.35 በመቶ። ማግኒዥየም እዚህ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ፖታሲየም ሲበዛ ማግኒዥየም ከጨጓራዋ ወደ ደሟ እንዳይገባ ያግደዋል። ስለዚህ ፖታሲየም የጨመረ ሰው ማግኒዥየም ሳይጨምር መተው የለበትም። አብረው ይሄዳሉ።

በመቶኛ ስናገር አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ተለወጠ። እሺ፣ አብረን እናስላው። በቀን 20 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ላም አለችን። መኖዋ ውስጥ 1.2 በመቶ ፖታሲየም አለ። ወደ 1.5 ለማድረስ የጎደለው 0.3 በመቶ ነው። ከ20 ኪሎ 0.3 በመቶ 60 ግራም ነው። ፖታሲየም ካርቦኔት ከግማሹ ትንሽ በላይ ፖታሲየም ነው፤ ስለዚህ በቀን 105 ወይም 110 ግራም ያህል ይበቃል። አያችሁ? ከአንድ እፍኝ ብዙም የማይርቅ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ስሌቱ የሚጀምረው መኖው ውስጥ ያለውን ከማወቅ ነው። አልፋልፋና ሞላሰስ በፖታሲየም የበለጸጉ ናቸው፤ እህል ግን ደሃ ነው። አልፋልፋ በብዛት የምታበሉ ሰዎች ምንም መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። መኖውን አስመርምሩ፤ የምርመራው ዋጋ ሳያስፈልግ ከሚገዛ ከረጢት ዋጋ ያንሳል።

«ፖታሲየም ክሎራይድ ይረክሳል፣ እሱን ብንሰጥስ?» ትሉኛላችሁ። ፖታሲየሙን ይሰጣታል። ነገር ግን አብሮት ያለው ክሎራይድ የደሟን ሚዛን ወደ ሌላው ወገን ይጎትተዋል፤ የፈለግነው የባይካርቦኔትን ቦታ መሙላት ነው፣ ክሎራይድ ደግሞ ያንን አይሞላም። በሙቀት ጊዜ የሚመረጠው ካርቦኔቱ ነው። ካርቦኔቱ ግን ጠባዩ መጥፎ ነው። ከረጢቱን ከፍታችሁ ከተዋችሁት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሲቆይ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እጅና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንት አድርጉ። ጣዕሙም ላሟን አያስደስታትም፤ ከላይ ብትነሰንሱት መኖውን ትታ ትሄዳለች። በደንብ ይደባለቅ፣ በአንዴ ሳይሆን በቀናት ውስጥ ከፍ እየተደረገ ይሰጥ።

ከእሱ ጎን ሶዲየም ባይካርቦኔት አለ። በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ለአንዲት የምትታለብ ላም የተለመደ መጠን ነው። በሽንትና በለሃጭ የወጣውን በቀጥታ የሚተካ ስለሆነ እወደዋለሁ። ርካሽ ነው፣ የታወቀ ነው፣ የሚደብቀው ነገር የለም። ያቺ የወተት ቅባት የወረደባት እርሻ ላይ መጀመሪያ ያደረግነው ይህንን ነው፤ ከዚያም ድርቆሹን አሳጥሮ ቆርጦ ዱቄቱን መምረጥ እንዳይችሉ አድርጎ መደባለቅ። የትኛው የበለጠ እንደረዳ ብትጠይቁኝ ድርቆሹ እላችኋለሁ።

ቀጥሎ እርሾ። የሕያው እርሾ ዝርያዎች ጨጓራ ውስጥ ያለውን ትንሽ ኦክስጅን ይጠቀሙበታል፤ ኦክስጅን የማይስማማቸው አሰር የሚፈጩ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። አሲዱም ይረጋጋል። ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም፤ አንዳንዱ ላይ መኖና ወተት ይጨምራል፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አይታይም። እኔ አሰሩ ጥሩ የሆነ እርሻ ላይ እሞክረዋለሁ፤ ሙቀቱ ከመግባቱ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሬ። ላም ማለክለክ ከጀመረች በኋላ እርሾ ፍለጋ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ናያሲን የሚባል ቪታሚን አለ። ሰው በብዛት ሲወስደው ፊቱ ቀልቶ ይሞቀዋል፤ የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ላሟም ደሟ ወደ ቆዳዋ በብዛት ከሄደ ሙቀቷን ታስወጣለች። ነገር ግን ተራው ናያሲን ጨጓራ ውስጥ ስለሚበላ በሽፋን የተጠበቀው ነው የሚሰጠው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው። የሰውነት ሙቀትን ትንሽ እንዳወረደ ያሳዩ ሙከራዎች አሉ፤ ምንም ያላሳዩም አሉ። ገንዘብ ተርፎት ሌላውን ሁሉ የጨረሰ ይሞክረው። ቤታይንም እንደዚሁ ነው፤ ሴሎች ውኃቸውን እንዲይዙ ይረዳል ይባላል፣ ጥሩ ውጤት የታየባቸው ሙከራዎችም አሉ፤ ግን መጀመሪያ የምገዛው አይደለም። ክሮሚየም ደግሞ ከኢንሱሊን ሥራ ጋር ይገናኛል፤ ለከብት እንዲሰጥ የፈቀዱ አገሮች አሉ፣ ያልፈቀዱም አሉ፣ ስለዚህ ሕጋችሁን ጠይቁ።

ሴሊኒየም፣ ቪታሚን ኢ እና ዚንክ ላይ ቆም ልበል። ሙቀት ሴሎችን የሚያጠቁ ኦክሲዳንት የሚባሉ ነገሮችን ያበዛል፤ እነዚህ ደግሞ ያንን ይከላከላሉ። ዚንክ የአንጀትና የጡት ሽፋን ጤናማ እንዲሆን ያስፈልጋል። ሴሊኒየም ግን ጥቅሙና መርዙ ተቀራርበው የተቀመጡ ማዕድን ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ መኖ የሚጨመረው በኪሎ ከ0.3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ በሕግ የተወሰነው በከንቱ አይደለም። ከሁለት የተለያዩ ከረጢቶች ሴሊኒየም እየሰጣችሁ እንዳይሆን ጀርባቸውን አንብቡ።

ቅባትን ረስቼው ላልፍ ነበር። በጨጓራ ውስጥ የማይብላላ የተጠበቀ ቅባት ኃይል ይሰጣታል፣ ሲፈጭም የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ነው። ጠቅላላው ቅባት ከደረቅ መኖዋ ከ6 እስከ 7 በመቶ እንዳያልፍ ብቻ።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ግን ውኃው ካለ ነው። አንድ አርቢ ብዙ አውጥቶ የገዛውን ተጨማሪ እያሳየኝ «አልሠራም» ብሎ አማረረ። የውኃ ገንዳው የት ነው አልኩት። ሜዳው መካከል፣ ፀሐይ ላይ። እጄን ከትትኩት፤ ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ውኃ ነው፤ ጠርዙ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል። አንዲት ላም መጥታ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችና ሳትጠጣ ሄደች። እንግዲህ ያቺ ላም ከየት አምጥታ ትታለባለች? ወተት 87 በመቶው ውኃ ነው። በሙቀት ቀን ብዙ የምትታለብ ላም ከ100 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ገንዳውን ጥላ ሥር አስገቡ፣ አጽዱት፣ ታልባ ስትወጣ ወዲያው የምታገኘው ቦታ ላይ አድርጉት። ከዚያ ስለ ፖታሲየም እናወራለን። የመኖውንም ሰዓት ለውጡ፤ አብዛኛውን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ስጡ። መኖ በልታ ጨጓራዋ በብዛት ሙቀት የሚያወጣው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ረፋድ ላይ ሞልታችሁ ብታበሏት ያ ሙቀት ከቀትር ፀሐይ ጋር ይገጥማል።

ሦስተኛው። የተኛ ሰው ካለ ጎረቤቱ ይቀስቅሰው።

አሁን የዘረዘርኳቸው ፖታሲየም ካርቦኔትና ሶዲየም ባይካርቦኔት ለምትታለብ ላም ናቸው። ለነጠፈችና ለመውለድ ለተቃረበች ላም አትስጡ! ደግሜ እላለሁ፤ ለመውለድ ሦስት ሳምንት ለቀራት ላም አትስጡ! ለምን? ላም ስትወልድ ወተቷ ካልሲየም በድንገት ይስባል፤ ያንን ለመተካት ከአጥንቷ ማውጣት አለባት። ፖታሲየምና ሶዲየም የበዛበት መኖ ያንን ሥራ ያደነዝዘዋል። ትወልድና አትነሣም። የወተት ትኩሳት ይባላል፤ ትኩሳት የለውም፣ ጆሮዋን ብትነኩት እንደውም ቀዝቅዟል። አንድ በረት ውስጥ የሚታለቡትና የነጠፉት ከአንድ ገንዳ ሲበሉ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ «ሁሉም ይሞቃቸዋል፣ ለምን ላዳላ?» አለኝ። አንጀቴን በላኝ፤ ነገር ግን ማዳላት አለባችሁ። ለነጠፈችው ላም የሚያስፈልጋት ጥላና ነፋስ ነው፤ እሷንም ማቀዝቀዝ ችላ አትበሉ፣ በነጠፈችበት ወራት በሙቀት የተጎዳች ላም በሚቀጥለው ጊዜ የምትሰጠው ወተት ያንሳል፣ የምትወልደውም ጥጃ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልውረድ። አንዳንድ የከብት መኖዎች ውስጥ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት አለ። ለላም የሚስማማው መጠን ፈረስን ሊገድል ይችላል። ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ያላችሁ ሰዎች ከከረጢቱ ጀርባ ይህን ስም ካያችሁ መኖውን ቆልፉበት፤ ገንዳውም የተለየ ይሁን።

ጥያቄ እቀበላለሁ። ከኋላ እጅዎን ያነሡት እናቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ። ማይኩን ያድርሱላቸው፤ በቅርቡ የወለደች ላም ይሁን የነጠፈች ከዚያው ይንገሩኝ፣ መልሱ በእሱ ነው የሚለያየው።